ጤናና ቤተሰብ፦ ውፍረት በዓይን አይመዘንም



በዛሬው ዓምዳችን በየቤቱ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ በሐሜት፣ አንዴም በምክር መልክ የሚነሳ፣ ግን ተረጋግቶ የማይመረመር ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የሰውነት ክብደት ነው። «ወፍሬ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከመስታወት፣ ከልብሱ ጥበት ወይም ከጎረቤት አፍ ነው። እነዚህ ሁሉ ሊያሳስቱት እንደሚችሉ ለማየት ከአንዲት እናትና ከልጃቸው ታሪክ እንጀምር።

እኚህ እናት ዕድሜያቸው 41 ሲሆን አራት ልጆች አሏቸው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ የመጡት «ራሴን ያመኛል» ብለው ነበር። የ16 ዓመት ልጃቸውም አብራቸው መጥታለች። የደም ግፊታቸው ሲለካ 142 በ92 ሆነ። ሚዛን ላይ ሲወጡ 76 ኪሎ፣ ቁመታቸው ሲለካ 1 ሜትር ከ60 ሆነ። «እህቴ፣ ክብደትዎ ለቁመትዎ በዝቷል» ስንላቸው ሳቁ። «ኧረ ተዉኝ! ባለፈው ሠርግ ላይ ያየኝ ሁሉ ‹ማሻ አላህ፣ ተመችቶሻል!› ነው ያለኝ። እኔ ከስተሻል እንዳልባል ነው የምፈራው» አሉ።

ቀጥለን የቤተሰባቸውን የጤና ሁኔታ ስንጠይቃቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። ወላጅ እናታቸው በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግራቸው ተቆርጦ፣ ለዓመታት አልጋ ላይ ቆይተው ነው ወደ አኼራ የሄዱት። ያስታመሟቸውም እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ በባዶ ሆድ መጥተው ስኳራቸው ሲመረመር 112 ሆነ። የስኳር በሽታ ነው የሚባለው በባዶ ሆድ የተለካው 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ እኚህ እናት ገና በሽተኛ አይደሉም፤ ነገር ግን እናታቸው በሄዱበት መንገድ ላይ መራመድ ጀምረዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጃቸው ፊቷ ገርጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እሷንም ጭንቅላቷን እያዞራት ተቸግረናል» አሉ እናት። ቀስ ብለን ስንጠይቃት፣ ለሦስት ሳምንት ቁርሷን ትታ፣ ምሳዋን ለጓደኛዋ እየሰጠች፣ ማታ ማታ ደግሞ ከሱቅ የገዛችውን «ማቅጠኛ ሻይ» እየጠጣች እንደከረመች ተናገረች። ምክንያቷ «ወፍራም ነኝ» የሚል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ሲሆን ክብደቷ ከመጀመሯ በፊት 50 ኪሎ፣ በዚያን ቀን ደግሞ 47 ኪሎ ነበር። ለዕድሜዋ በተዘጋጀው ሰንጠረዥ ሲታይ ቀድሞውንም ወፍራም አልነበረችም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ክብደታቸው የበዛው እናት «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ክብደቷ ልክ የነበረው ልጅ ደግሞ «ወፍሬአለሁ» ትላለች። ሁለቱም የመዘኑት በዓይን ነው።

ዓይናችን ለምን ያሳስተናል?

ወላጆቻችንና አያቶቻችን ድርቅንና ረሃብን ያዩ ናቸው። በእነሱ ዘመን መክሳት የችግር ወይም የበሽታ፣ መወፈር ደግሞ የድሎት ምልክት ነበር። «ተመችቶሃል» የሚለው ሰላምታ የመጣው ከዚያ ነው። ይህ አስተያየት ዛሬም ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ከልክ ያለፈው ክብደት ግን በከተሞች ይበዛል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ ከሆነ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በመላው ዓለም ክብደታቸው ከልክ ያለፈ አዋቂዎች 2.5 ቢሊዮን ደርሰዋል።

ወጣቶቻችን ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይሳሳታሉ። ቀኑን ሙሉ በስልካቸው የሚያዩት ተመርጦና ተስተካክሎ የቀረበ ምስል በመሆኑ፣ ጤናማ የሆነው ገላቸው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ለእናትም ለልጅም የሚሆነው መፍትሔ አንድ ነው፤ ዓይንን ትቶ መለካት።

በቤት ውስጥ እንዴት እንለካ?

የመጀመሪያው መለኪያ ክብደትን ከቁመት ጋር ማስተያየት ነው። ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁን በሜትር ውሰዱ። ቁመቱን በራሱ አባዙትና ክብደቱን ለተገኘው ቁጥር አካፍሉት። የእኚህን እናት ብንወስድ፣ 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 76 ለ2.56 ሲካፈል ደግሞ 29.7 ይመጣል። ትርጉሙም እንደሚከተለው ነው፦

ከ18.5 በታች፦ ከሚገባው በታች የከሳ፤
ከ18.5 እስከ 24.9፦ ጤናማ፤
ከ25 እስከ 29.9፦ ከልክ ያለፈ ክብደት፤
30 እና ከዚያ በላይ፦ ለጤና በእጅጉ የሚያሰጋ ውፍረት።

እኚህ እናት እንግዲህ ከመጨረሻው ደረጃ ደጃፍ ላይ ቆመዋል ማለት ነው።

ይህን ስሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅየማዊ የስታትስቲክስ ሊቅ ነው። ዓላማው የብዙ ሰዎችን አማካይ ማወቅ እንጂ የአንድን ሰው ጤና መመርመር አልነበረም። በዚህም ምክንያት ስሌቱ ጉድለት አለው። ጡንቻንና ስብን አይለይም። ቀኑን ሙሉ ጆንያ የሚሸከም ወጣት ጡንቻው ከብዶ 26 ሊሆን ይችላል፤ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጩ የገፋ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ 24 ሆኖ ጤናማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መለኪያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መለኪያ ወገብ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱና በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ባለው ቦታ፣ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ፣ ተንፍሳችሁ ስትጨርሱ፣ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ ሳትስቡ ለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አደጋው ጀምሯል። ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ካለፈ ደግሞ ከፍ ብሏል። የእኚህ እናት ወገብ 94 ነበር።

ሜትር ከሌላችሁ አንድ ገመድ ይበቃል። ገመዱን በቁመታችሁ ልክ ቆርጣችሁ ለሁለት እጠፉትና በወገባችሁ ዙሪያ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል፤ ይህም ማስጠንቀቂያ ነው።

«ለምን ወገብ ላይ ይተኮራል?» ትሉ ይሆናል። በጭንና በዳሌ ላይ የተቀመጠ ስብ የሚያመጣው ጉዳት አነስተኛ ነው። ሆድ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ከቦ የሚቀመጠው ስብ ግን ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የደም ስኳርን፣ የደም ቅባትንና የደም ግፊትን ያስነሳል። አደጋው ያለው እዚያ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። እነዚህ ቁጥሮች ለነፍሰ ጡሮች አይሠሩም። ለልጆችና በዕድገት ላይ ላሉ ወጣቶችም ለዕድሜያቸውና ለጾታቸው የተዘጋጀ ሌላ ሰንጠረዥ ስላለ በጤና ባለሙያ ይታዩ። እግሩ የሚያብጥ ሰው ክብደቱ የጨመረው በውሃ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክር። እንዲሁም ሳያስብበት በድንገት የሚከሳ፣ ውሃ ውሃ የሚለውና ሽንት የሚያበዛ፣ ወይም ሳል የሰነበተበት ሰው «እሰይ ከሳሁ» ሳይል ቶሎ ይመርመር።

ክብደቱ ከየት መጣ?

እኚህን እናት «ምን ይበላሉ?» ስንላቸው «ምንም አልበላ፤ ቁጭ ብዬ የምበላበት ጊዜስ መቼ አለኝና!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቁጭ ብለው የሚበሉት ትንሽ ነበር። አብረን ስንቆጥር ግን ሦስት ነገሮች ተገኙ።

የመጀመሪያው ሻይ ነው። በቀን አምስት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ድምሩ በቀን 60 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ቢበዛ 50 ግራም፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ነው፤ ለስላሳና ጣፋጭ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። በወጡም፣ በፍርፍሩም፣ በሳምቡሳውም ከጀሪካኑ በግምት ነው የሚፈሰው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ዘይት በክብደት ከስኳር እጥፍ በላይ ኃይል የያዘ በመሆኑ፣ ሳይታወቅ ከሚያወፍሩ ነገሮች ቀዳሚው ነው።

ሦስተኛውን ያነሳችው ልጃቸው ናት። «እማዬ፣ የእኛን ትራፊ ሁሉ አንቺ አይደለሽ የምትበዪው?» አለች። እናት ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ የአላህ ሲሳይ ይጣል?» አሉ። ይህ የብዙ እናቶች ጉዳይ ነው። ሲሳይን አለመጣል መልካም ጠባይ ነው፤ ሆኖም ሆድ የትራፊ ማስቀመጫ አይደለም። መፍትሔው ሲቀርብ አነስ አድርጎ ማቅረብ፣ ሲያልቅ መጨመርና ያልተነካውን ለነገ ማስቀመጥ ነው።

እንጀራም ሆነ ዳቦ ጠላት አለመሆኑን እዚህ ላይ እንናገር። «ጤፍ ያወፍራል፣ ሩዝ ያከሳል» የሚሉ ወሬዎችን ተዉአቸው። የሚያወፍረው ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ቀን በቀን መጨመሩ ነው።

እንዴት ይቀነስ?

ብዙ ሰው ክብደት መቀነስ ሲያስብ 20 ኪሎ በሁለት ወር ማራገፍ ይመኛል። እንዲህ ያለው ችኮላ ጡንቻን ያሳጣል፤ የሐሞት ጠጠርንም ሊያመጣ ይችላል። ረሃቡም ስለሚበረታ የወረደው ኪሎ ተመልሶ ይመጣል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል።

ደግሞም ጥቅም ለማግኘት ቀጭን መሆን አያስፈልግም። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎችን ያሳተፈና ውጤቱ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ነበር። ግቡ ክብደትን በ7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ከሄዱት መካከል በስኳር በሽታ የሚያዘው ሰው ቁጥር፣ ምንም ውጤት የሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት እንኳን የተሻለ ነበር። ለእኚህ እናት 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው። ግባቸውም 71 ኪሎ ሆነ። የተስማማንባቸው ነገሮች እነሆ፦

1. በሻይ የሚጨመረው ስኳር በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እንዲቀንስ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ለስላሳ መጠጥ ለእንግዳና ለበዓል ብቻ ይሁን።

2. ዘይት በጀሪካን ሳይሆን በሲኒ ተለክቶ እንዲገባ። ጨውም ለግፊቱ ሲባል እንዲቀንስ።

3. በትሪ ላይ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅምና፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ከፊቱ እንዲያስቀምጥ። ከድርሻውም ግማሹ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ወይም ሰላጣ፣ የቀረው እንጀራና ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ እንዲሆን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለማካፈል ያስተማሩት በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው። የሚከብደው ጉርሻው እየተደጋገመ መፈጸሙ ነው።

4. በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። መጀመሪያ በ10 ደቂቃ ተጀምሮ እየጨመረ ይሂድ። እኚህ እናት ገበያ በእግራቸው ሄደው ሸክሙን ይዘው በታክሲ ይመለሱ ጀመር።

5. በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ መመዘን። በየቀኑ መመዘን ብዙዎችን ያስጨንቃል።

እነዚህ ለእናት ብቻ የተለየ «የሕመምተኛ ምግብ» አለመሆናቸውን አስተውሉ። ባልም፣ ልጆችም የሚበሉት ያንኑ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ጎመን እየበላ ሌላው ሳምቡሳ የሚበላበት ቤት ውስጥ ማንም አይዘልቅም።

ረመዳንና ክብደት

ብዙ ሰው በረመዳን የሚከሳ ይመስለዋል። ጾም የኢባዳ ሥራ እንጂ የማቅጠኛ ዘዴ አለመሆኑ ሳይዘነጋ፣ በዚያ ወር ኪሎ የሚጨምሩም ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱም በኢፍጣር ሰዓት ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩ፣ ጣፋጩና ለስላሳው በአንድ ጊዜ ይደረደራል፤ የራበው ዓይን ደግሞ ከሆድ ይቀድማል። በተምርና በውሃ አፍጥሮ መግሪብን መስገድ፣ ከዚያ በሾርባ ጀምሮ ረጋ ብሎ መመገብ ለሆድ የመጥገቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ሳምቡሳው አንድ ይብቃ። ሱሁርን ባቄላ፣ እንቁላል፣ እርጎ በመሳሰለው ማድረግ ረሃብን ያቆያል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ግን ረመዳን ከመግባቱ ከአንድና ሁለት ወር በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

ከአቋራጭ መንገዶች ተጠንቀቁ

ወደ ልጅቷ እንመለስ። «ማቅጠኛ ሻይ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሚይዙት ሰና የተባለውን ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ሰና የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ነው። ምግቡ ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት አብዛኛው ኃይሉ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ በተቅማጥ የሚወጣው ስብ ሳይሆን ውሃና ጨው ነው። ከዚህም ውስጥ ፖታሲየም የተባለው ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። ልጅቷን ያዞራት ይኸውና ረሃቡ ነበር።

ኪኒኖችም አሉ። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት በልብና በአንጎል የደም ሥሮች ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ሆኖም «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሰማግሉታይድን የመሳሰሉ አዳዲስ መርፌዎች በእርግጥ ክብደት ይቀንሳሉ፤ ግን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል እንጂ በዘመድ ሻንጣ መጥተው የሚወጉ አይደሉም። «ጫት ያከሳል» የሚሉም አሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ነገር ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይም የራሱን ያክላል።

ከስድስት ወር በኋላ

እኚህ እናት ግባቸውን ያገኙት ቀጥ ባለ መንገድ አልነበረም። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሠርግ ገጥሟቸው አንድ ኪሎ ተኩል መልሰው ጨምረው ነበር። «በቃ አልሆነልኝም» ብለው ሊተዉት ሲሉ፣ በየሳምንቱ ክብደታቸውን የምትመዘግበው ልጃቸው ደብተሩን አውጥታ ከየት እንደተነሱ አሳየቻቸው። በስድስተኛው ወር 71 ኪሎ፣ ወገባቸው 88፣ ግፊታቸው 130 በ84፣ ስኳራቸው 101 ሆነ። በስሌቱ 27.7 ናቸው፤ ገና ወደ ጤናማው መስመር አልገቡም። ነገር ግን ከእናታቸው መንገድ ወጥተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረዋል። ልጃቸውም ሻዩን ትታ ከቤተሰቡ ጋር ሦስቴ ትመገባለች፤ የጠዋቱንም ጉዞ ከእናቷ ጋር ትሄዳለች።

በቅርቡ አንዲት ዘመዳቸው አይታቸው «ምነው ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» ብላ ደንግጣ ነበር አሉ። ውድ አንባቢያን፣ እንግዲህ ከሰላምታችን እንጀምር። «ወፈርሽ፣ ከሳህ» ማለቱን ትተን «ጤናሽ እንዴት ነው? ጤናህ እንዴት ነው?» እንባባል። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ገመድ ፈልጉና የቤታችሁን አዋቂዎች በየተራ ለኩ። ያላለፈ አልሐምዱሊላህ ይበል፤ ያለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱንና ስኳሩን ያስመርምር።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።